አራት ጊዜ ቀጭ

ሮውሊንስ ውስጥ ነፋስ አያንኳኳም፤ ይገባል፣
ደወሌን ነካክቶ አሸዋ ይበትናል።
ያን ማክሰኞ ግን፣ በነፋሱ ፈንታ፣
ሜሪል ሆስኪንስ ገባ፤ በሩ ላይ ቆመ ለአፍታ።
ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ አርባውን በሐዲድ፣
የጭነት ባቡር ፍሬን ሲይዝ፣ ሲነጉድ።
«ላቮን» አለኝ፣ «ሽጉጥ ልገዛ ነው የመጣሁ፤
ልተኩስ አይደለም፤ አንድ ነገር ስላጣሁ።»

አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ሰባቱን ደረደርኩ፣
እንደ ጥርስ ሐኪም መሣሪያ አንድ በአንድ አሳመርኩ።
ሁሉም ቅጂ ናቸው፣ የጣሊያን አገር ሥራ፣
በሰም ወረቀት የመጡ ከብሬሻ ተራራ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለገዢ የምለው አንድ ነው፦
«ቅጂን ከቅጂ የሚለየው ጥቃቅኑ ነው።
የፊት ብሎኑን እይ፤ ከግንባሩ ነው ወይ የገባ?
ቀለሙ ኩሬ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ነው፣ ወይስ ወይባ?
እጀታው አንድ እንጨት ነው፣ ወይስ ሁለት ተጣብቆ?
መዶሻው ላይስ መርፌ አለ፣ እንደ ጊንጥ ጅራት ጥይቱን ጠብቆ?»

ሜሪል ግን አላየም። ዓይኑን ጨፈነና
ጆሮውን አስጠጋ፣ የልጅ ትንፋሽ ሰሚ ሆነና።
የመጀመሪያውን መዶሻ ሳበ በአውራ ጣቱ፣ ቀስ ብሎ፤
ሦስት ጊዜ ቀጭ። መለሰልኝ፣ «አይደለም» ብሎ።
ሁለተኛው አራት አለ፤ «ግን ይንጫጫል።»
የሦስተኛው ጎን ላይ የጠበቃ ምክር ተቀርጿል።
አራተኛው በኮምጣጤ ያረጀ ነው፣ ትናንት የተወለደ፤
«አይ!» ብሎ ሳቀ፣ «ሽበት ተበድሮ ሽማግሌ መሆን የወደደ!»

ምርጤን አቀረብኩለት፤ ብሎኑ፣ እንጨቱ፣ ቀለሙ የሞላ፣
አራት ጊዜ ቀጭ የሚል፣ ድምፁ የማይላላ።
ሰማው። ፊቱ በራ። ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ
የሌላ ሰው ሬሳ እንዳሳዩት ዘመድ ራሱን ነቅንቆ ገፋው ወዲያ።

«መርፌ አለው» አለኝ። «የአባቴ አልነበረውም።
የመዶሻው ፊት ልሙጥ ነው፤ ጣቴን አሳርፌበታለሁ፣ አይወጋም።
አያቴ ከቴክሳስ ከብት ሲነዱ የታጠቁት ነው፤
በድርቁ ዓመት አባቴ በአርባ እስር ድርቆሽ ለወጠው።
ሰባት ዓመቴ ነበር።
ላሞቹ በሉት። እንደዚያ ነው ያለቀው።»

እኔ ዝም አልኩ። በከብት ነጂዎቹ ዘመን
የዚህ ዓይነት ሽጉጥ መርፌው መዶሻው ላይ ነበር፤ ይታመን።
ልሙጡ የመጣው ኋላ ነው፤ ከትልቁ ጦርነት ማግስት፣
ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ቅጂ ሠሪዎች ባቆሙት ቤት።
እና ያ ሽጉጥ፣ ያ ድርቆሽ የሆነው፣ ያ የአያት አደራ፣
ቅጂ ነበር፤ አያቱ አፈር ከገቡ ወዲያ የተሠራ።

ማን ዋሸ? አባትየው? ለእሱ የሸጠለት ሰው?
ወይስ ልጅ እንዲተኛ ማታ ማታ የተነገረው?
ባንኮኒው ላይ እጄን አሳርፌ አሰብኩ።
ሐቅ ነው የምሸጠው እላለሁ። አፌን ከፈትኩ።
ዘጋሁት።

ከታች መሳቢያ ውስጥ፣ ዘጠኝ ዓመት ገዢ ያጣ፣
አንድ አለ፤ ልሙጥ ፊት፣ የዚያው ቤት ሥራ፣ ከአንዲት መበለት ዕቃ ጋር የመጣ።
ስንቱን ገዢ «እንዲህ ያለውን እንዳትነካ» ያልኩበት፣
የስሕተት ማስተማሪያ ያደረግሁት።
አወጣሁት። ጨርቁ ላይ አላኖርኩም፤ እጁ ላይ አስቀመጥኩ።

ቀጭ።
ቀጭ።
ቀጭ።
ውጭ የጭነት ባቡር ያልፍ ነበር። ሜሪል ጠበቀ፤
ሰማንያ ምናምን ፉርጎ፣ አውራ ጣቱ ሳይነቃነቅ፣ እስኪርቅ።
ቀጭ።

«ኦሪጂናሉ ይሄ ነው» አለ፤
ዋጋ አልጠየቀም።

ጥይት አምስት ብቻ ፈለገ። «ስድስተኛው ቤት ባዶ ይሁን፣
መዶሻው እዚያ ላይ ይተኛ፤ አባቴ እንዲህ ነበር ልማዱ።»
ደረሰኙ ላይ ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ገንዘቡን ጻፍኩ፤
«ኦሪጂናል ወይስ ቅጂ» የሚለውን መስመር ዘለልኩ።
ነፋሱ በሩን ከውጭ ይዞት ኖሮ
ሜሪል በትከሻው ገፍቶ ወጣ።